ያልዋጥኩት ማር

የገብረተንሳኤ የቀኝ አውራ ጣት ጥፍር ጥቁር ነበር። ከሥሩ እስከ ጫፉ ጥቁር፤ መሃሉ አብጦ የተሰነጠቀ። ያንን ጣት በዘጠኝ ዓመቴ አፌ ውስጥ ከትቶታል። ዛሬም አንዳንድ ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ ትዝ ይለኝና ሁለት ሦስቴ እጉመጠመጣለሁ። የሚያቅለሸልሸኝ ግን ጣቱ እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አሁን መቀሌ ሮማናት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሰነድ እተረጉማለሁ። የጋብቻ፣ የልደት፣ የሞት ምስክር ወረቀት። ሰዎች ለኤምባሲ ብለው ይዘው የሚመጡትን ፎቶ አይቼ የትኛው ጋብቻ የእውነት፣ የትኛው የተበጀ እንደሆነ እለያለሁ። ሲጎራረሱ የተነሡትን በተለይ። አጉራሹ የሚያጎርሰውን አፍ ትቶ ካሜራውን ካየ ነገር አለ። አልናገርም። ተርጉሜ፣ ማኅተሜን አሳርፌ እሰጣለሁ። እኔ ማን ሆኜ ነው የምናገረው?

እናቴ እማዋይሽና አባቴ ከፋለ የደሴ ልጆች ናቸው። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ መቀሌ መጣ፤ የሥራ መደቡ ሲታጠፍ እዚሁ ቀረ። እናቴ ልብስ ትሰፋለች። አባቴ ደግሞ አሜሪካ ይሄዳል፤ በአፉ። ዲቪ አሥር ጊዜ ሞልቶ አሥር ጊዜ ሳይወጣለት ቀርቷል። እንደዚያም ሆኖ ቤታችን ውስጥ የተሰበረ አልጋ አይጠገንም፣ የተቀደደ መጋረጃ አይቀየርም። ምን ያደርግልናል፤ ልንሄድ ነዋ!

ዲቪውን የምትሞላለት ፍሬወይኒ ነበረች። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ማመልከቻ የምትጽፍ፣ ፎርም የምትሞላ፣ ሰውን ከሰው የምታገናኝ ሴት ናት። አንድ ቀን ቤታችን መጥታ ከአባቴና ከእናቴ ጋር ስታወራ እኔ ከእናቴ የስፌት መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅም ነበር።

«አሜሪካዊ ዜግነት አለው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ደግ ሰው ነው፤ ለኔ ዘመዴ ነው» አለች ፍሬወይኒ።

«ዘመድሽ ከሆነ ለምን ትበድይዋለሽ?» አለች እናቴ።

«እዋይ እማዋይሽ! ምን በደል አለው? ለወረቀት ነው እኮ። አንቺንና ልጅቷን ይወስዳል። ሁለት ሦስት ዓመት ትታገሺና ትፈችዋለሽ፤ ከዚያ አንቺ ደግሞ ለከፋለ ትሞይለታለሽ።»

«ለወረቀት ነው» አለ አባቴ፤ ያሰበው እሱ እስኪመስል ድረስ።

የእናቴን ፊት አላየሁትም። የማየው እግሯን ብቻ ነበር። የስፌት መኪናውን መርገጫ መርገጥ አቆመች። እኔ በበኩሌ ለወረቀት የምታገባ ሰው የወረቀት ቀሚስ የምትለብስ መስሎኝ፣ ዝናብ ቢመጣ ምን ልትሆን ነው ብዬ አዘንኩላት።

በሳምንቱ አባቴ ፊቴ ቁጢጥ አለና ሁለት እጄን ያዘኝ። «ማሂዬ፣ ጨዋታ እንጫወታለን። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አባትሽ አይደለሁም። አጎትሽ ባርናባስ ነኝ። ሳይሳሳት የቆየ ሰው አሜሪካ ይሄዳል። አንድ ሰው ከተሳሳተ ግን ሁላችንንም ያስቀረናል።»

ባርናባስ የእናቴ እውነተኛ ወንድም ነው፤ ደሴ ነው የሚኖረው። አባቴ ስሙን ተዋሰው፤ እስከ ዛሬም ባርናባስ አልሰማም። ሰፈር ቀየርን። ማንም ወደማያውቀን ወደ ሓድነት ሄደን ሁለት ክፍልና አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራየን። ትምህርት ቤትም ቀየርኩ። «አባዬ» ብዬ ከተሳሳትኩ ጆሮዬን ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ «አጎቴ» ካልኩ ከረሜላ ይሰጠኛል። በአንድ ወር ውስጥ ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እንኳ የማልሳሳት ሆንኩ። አባቴ «ጎበዝ» ይለኛል። ይህን ቃል ዛሬ ሰው ለልጁ ሲል ስሰማ ደስ አይለኝም።

ከዚያ አንድ ቀን አባቴና ፍሬወይኒ ከአንድ ቦታ ኬክ ይዘው መጡ። ክሬም ያለው፣ ሮዝ አበባ የተሠራበት። የማን ልደት ነው ብዬ ስጠይቅ ተሳሳቁ። አባቴ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ማንበብ እወድ ስለነበር አነበብኩት። አቶ ከፋለ በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ይገልጻል። የአባቴን የሞት ወረቀት አባቴ ራሱ በኪሱ ይዞት መጥቶ ነበር። ከየት እንዳስወጣችው የምታውቀው ፍሬወይኒ ናት።

«አባዬ፣ ሞተሃል?» አልኩት። ጆሮዬን አልቆነጠጠኝም፤ ደስ ብሎት ነበር።

«የወረቀት ሞት ነው። አያምም» አለኝና አበባውን ቆርሶ አጎረሰኝ። እናቴ ኬኩን አልቀመሰችም። ጣፋጭ የማትወድ መስሎኝ የሷንም እኔ በላሁት።

ገብረተንሳኤ በግንቦት መጣ። ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። ውቅሮ አካባቢ ተወልዶ፣ በስደት ሱዳንን አቋርጦ፣ ደንቨር የሚባል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። በማዘጋጃ ቤት ተፈራረሙ፤ ሰሜን ክፍለ ከተማ በሚገኘው በታላቅ ወንድሙ በኣይተ ኣስፋሃ ቤት ምሳ ተበላ። ፎቶ አንሺው «አጉርሳት፣ እንደገና፣ አሁንም እንደገና» እያለ ሲያስጎርስ፣ እናቴ ያንኑ የቀዘቀዘ ጉርሻ አራት ጊዜ አፏ ውስጥ ከታ አራት ጊዜ ነጠላዋ ውስጥ ስትተፋው አየኋት። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ሰውዬው ያስጠላል።

ከዚያ ወዲያ የሚያስጠላበትን ምክንያት መልቀም ጀመርኩ፤ የለቀመ ደግሞ አያጣም። ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሲያኝክ ቀጭ ቀጭ ይላል። ማታ አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ጠዋት ብርጭቆው ሥር ነጭ ነገር ይዘቅጣል። በየሰዓቱ እጁን በሚሸት ፈሳሽ ያሻል። ሲስመኝ ጉንጬን ያረጥበዋል። ጥቁሩ ጥፍር ደግሞ አለ። እናቴ እሱ ባለበት ሁልጊዜ አፏን በነጠላ ትሸፍናለች። እሱና አባቴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲስቁማ ጨርሶ ተነሥታ ትወጣለች። እሱን የተጸየፈች ነበር የሚመስለኝ። ካደግኩ በኋላ አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ «እሱንስ ለምን ልጸየፍ?» አለችኝ።

ሁለት ወር ከእኛ ጋር ኖረ። ባል ነው፤ ከሚስቱ ጋር በትልቁ ክፍል ይተኛል። አባቴ ሰርቪስ ቤት ነው። መብራት ሲጠፋ አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል። ሙዚቃ በጣም የሚወድ ይመስለኝ ነበር። ሬዲዮን ዛሬም አልወድም።

ገብረተንሳኤ ደንቨር ተመልሶ ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ፍሬወይኒ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አስረዳችው። «ሁለት ማመልከቻ ነው ኣያ ገብረተንሳኤ። ለሚስትህ ለብቻ፣ ለልጅቷ ለብቻ። በእናቷ ላይ ተደርባ አትሄድም። ለሷ የእንጀራ ልጅ ብለህ ነው የምትሞላው።»

«የእንጀራ ልጅ» አለ ገብረተንሳኤ። አልጣመውም። ጥርሱን በምላሱ እያስተካከለ ጥቂት አሰበና «ወረቀቱ ላይ ይሁን። በእግዚአብሔር ፊት ግን እንዲህ አይደለም። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም። በአገራችን ደንብ የጡት ልጄ ትሁን። አያቴ እንዲህ አድርጎ ነው ኣጎቴን ያሳደገው» አለ።

«ኤምባሲው እኮ ይሄን አይጠይቅም!»

«ኤምባሲው አይጠይቅ። እኔን የሚጠይቀኝ ሌላ ኣለ።»

ፍሬወይኒ አባቴን አየችው። አባቴ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ፎቶም ይሆነናል» አለ።

ቀኑ እሁድ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ። ቀሺ ኣረፋይነ የሚባሉ ቄስ፣ ኣይተ ኣስፋሃና ሁለት ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ለልጁ ያጠባል፣ በመስቀል ፊት ይምላል። ከዚያ በኋላ የወለዳት ያህል ናት፤ እሷም አትክደው፣ እሱም አይክዳት። ገብረተንሳኤ ከጠዋት ጀምሮ ቧንቧው ሥር እጁን ሲያጥብ አይቼዋለሁ። ጥፍሩን በልብስ ብሩሽ ይፈትገዋል። ጥቁሩ ግን ምንም አልለቀቀም።

«የልጅቷ አባት በሕይወት ኣለ ወይ?» ብለው ጠየቁ ቀሺ ኣረፋይነ። «ነገ መጥቶ ልጄን የሚል እንዳይኖር።»

ሁሉም ወደ እናቴ ወገን ዞሩ። የእናቴ ወገን ማለት እንግዲህ አባቴ ነው። ነጠላውን አመሳቅሎ ተነሣ።

«የለም አባ። ሞቷል፤ ነፍሱን ይማረው።» አማተበም።

«ነፍስ ይማር» አሉ የተሰበሰቡት ሁሉ። እናቴ አፏን ሸፍናለች።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጨዋታ ነበር። ወረቀትም ጨዋታ ነው፤ ሰርቪስ ቤትም ጨዋታ ነው። በመስቀል ፊት ግን ጨዋታ እንደሌለ ማንም ልጅ ያውቃል። በመስቀል ፊት የሚባለው ይሆናል። ስለዚህ አባቴ ሊሞት ነው። ገና እንዳልሞተ ግን እያየሁት ነው፤ ቆሟል። ታዲያ የሚሞተው መቼ ነው? ማሩን ስውጥ ነዋ! እኔ ስውጠው ነገሩ ይዘጋል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ገብረተንሳኤ ፊቴ ተንበረከከ። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት። ባለኝ ነገር ሁሉ ላይ ታዛለች። ስሞት ታለቅሰኛለች። ብክዳት ፈጣሪዬ ይካደኝ» አለና ጣቱን ማር ነክሮ ወደ አፌ አመጣው። ጥፍሩ ሻካራ ነበር፤ ምላሴን ፈቀፈቀኝ። ከማሩ ሥር የሳሙና ጣዕም አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። አፌን ገጥሜ፣ ምራቄን ሳልውጥ፣ ጉንጬን ነፍቼ ቆምኩ። ማሩ ከምራቄ ጋር ቀጥኖ አፌን ሞላው። ሰው ሁሉ ሲሳሳም ጊዜ ሮጬ ከጓሮ የበለሱ አጥር ሥር ሄጄ ተፋሁት። ክር የመሰለ ነገር አገጬ ላይ ተንጠለጠለ፤ ትንኝ ወዲያው መጣበት።

ዞር ስል ገብረተንሳኤ ቆሟል። አይቶኛል። ተመልሶ ሄደና በጆግ ውኃ አምጥቶ «ተጉመጥመጪ ጓለይ፤ ኣይዞሽ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ትፋቱን በጫማው አፈር አለበሰልኝ። ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በታክሲ ሮማናት ወሰደኝና ከአንድ ጭማቂ ቤት አስቀመጠኝ። ማንጎና አቮካዶ ተደራርቦ በትልቅ ብርጭቆ መጣልኝ። እሱ ውኃ ብቻ ያዘ። ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደብቆት ነበር።

«ጣቴ አስጠልቶሽ ነው ኣይደል? ልክ ነሽ። እኔንም ያስጠላኛል» አለኝ። «ሥራ ላይ የመኪና በር ተዘግቶበት ነው። ስመለስ ሐኪም ጋ ሄጄ አስነቅለዋለሁ። ከዚያ ስትመጪ እዚያ በንጹሕ ጣት እንደግመዋለን። ካልፈለግሽም ይቅር፤ በግድ አባት ኣይኮንም።»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አሳዘነኝ። ባያሳዝነኝ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር።

«ጣትህ አይደለም። ብውጠው አባዬ ይሞታል ብዬ ነው» አልኩት።

«ኣባትሽማ ሞቷል እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«የወረቀት ሞት ነው። ገና አልሞተም። ሰርቪስ ቤት ነው የሚተኛው።»

ገብረተንሳኤ የያዘውን ውኃ አስቀመጠ። ጥርሱ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጭማቂዬን እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ከፈለ፤ እጄን ይዞኝ ወጣ። እስከ ሓድነት ድረስ ታክሲ ውስጥ እጄን አልለቀቀኝም። መዳፉ በላብ ርሶ ስለነበር እጄን ለማውጣት ስታገል ነበር።

አባቴ በር ላይ ቆሞ ከጎረቤት ጋር እያወራ ነበር። ገብረተንሳኤ ሄዶ የሸሚዙን ኮሌታ አነቀው። «ማን ነህ አንተ? ወንድሟ ነህ ወይስ ባሏ?» ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ፤ እናቴ ከነመርፌዋ ወጣች፤ ለፍሬወይኒ ተደውሎላት እየሮጠች መጣች።

አባቴ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የሚያምር ቁጣ ነበር። «እግዚኦ! ከገዛ እህቴ ጋር? በእናቴ ልጅ? ይሄን ከምሰማ ሞቴን ይስጠኝ!» እያለ ደረቱን ይደቃል። ሰዉ አጉተመተመ። ወንድምን በእህቱ ከመጠርጠር የከፋ ስድብ የለም። ደም ያፋስሳል።

«ልጅቷ ናት የነገረችኝ» አለ ገብረተንሳኤ።

«እንግዲያው ልጅቷ ትጠየቅ!» አለች ፍሬወይኒ። ወደ መሃል ገፋችኝ። «ንገሪን ማሂ። ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

እናቴን አየኋት፤ መሬት ታያለች። አባቴን አየሁት፤ አፉ ተቆጥቷል፣ ዓይኑ ግን ከረሜላ ሊሰጠኝ ሲል እንደሚያየኝ ነው የሚያየኝ። ማሩን ተፍቼዋለሁ፤ ስለዚህ አባቴ አይሞትም፤ ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ ጨዋታ ሆኗል። በጨዋታ ደግሞ እኔን የሚችለኝ የለም።

«አጎቴ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን አባቴ ነው አልሽው?»

«ጥፍሩ ስለሚያስጠላኝ። እንዲሄድልን ብዬ ነው።»

ይህንን ማንም አላስጠናኝም። ከራሴ ያወጣሁት ነው። ገብረተንሳኤ የአባቴን ኮሌታ ለቀቀ። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አባቴ ግን ማንም በሌለበት ሰርቪስ ቤት ወስዶ ከመሬት አንሥቶ አሽከረከረኝ። «የኔ አንበሳ! አሜሪካን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ!» አለኝ። ደስ አለኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አሁን ስናገር ያሳፍረኛል።

ፍርዱን የሰጡት የገብረተንሳኤ የገዛ ወንድም ኣይተ ኣስፋሃ ናቸው። ቅን ሽማግሌ ናቸው፤ ለወንድማቸው አላደሉም። ንጹሕ ሰው በእህቱ ስላዋረደ፣ በመጪው እሁድ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ካልሆነ በዚህ ነውር ላይ ጋብቻ አይጸናም፤ ጋብቻው ከፈረሰ ደግሞ ሁለቱም ማመልከቻ የለም። ገብረተንሳኤ እሺ አለ። ሳምንቱን ሙሉ እኔን ሲያይ በግራ እጁ ብቻ ነበር የሚበላው፣ በግራ እጁ ብቻ የሚያቅፈኝ።

አባቴ ዛሬም ያንን እሁድ አልረሳም። ከተማችን ተዘግታ መብራትና ስልክ፣ ባንክና መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ፣ ደረቅ ቂጣ እየቆረሰ «ይኼኔ እኮ ደንቨር ነበርን» ይል ነበር። እናቴ ቀና ብላ አታየውም። አሁን ለየብቻ ነው የሚኖሩት። እኔ ሁለቱንም እጠይቃለሁ፤ አባቴ ቤት ስሄድ ግን ምግብ አልበላም፤ ጠግቤያለሁ እላለሁ።

እሁድ ደረሰ። ያው ወንበር፣ ያው ሽማግሌዎች፣ ቀሺ ኣረፋይነም ያው መስቀላቸውን ይዘው። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠላጥለዋል። ገብረተንሳኤ የሰርግ ኮቱን ለብሶ፣ ከግቢያችን ጥግ አንድ ጥርብ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመ። እየተንገዳገደ መጥቶ አባቴ እግር ሥር ጎንበስ አለ።

«በድያለሁ። ሽማግሌን ኣስቀይሜኣለሁ፤ አንተን አዋርጃለሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ።»

ደንቡ ቀላል ነው። የተበደለው ወዲያው ተነሥቶ «ይቅር ለእግዜር» ይልና ድንጋዩን ያነሣለታል። አባቴ አልተነሣም። እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ቁጣው ካማረ ይበልጥ እውነት ይመስላል ብሎ ይሆናል፤ ወይም በቃ ጣፍጦት ይሆናል። እኔ የሚመስለኝ ሁለተኛው ነው።

«እኔ እህቴን እንደ እናቴ የማይ ሰው ነኝ» ብሎ ጀመረ። «የሞተው ባሏ አደራ ያለኝ እኔን ነው። ከፋለ፣ ነፍሱን ይማረው፣ የዚህችን ልጅ ስም እየጠራ ነው የሞተው። እንዲህ ያለውን አደራ ይዤ ሳለ...»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንደኛው እንባውን ጠረገ። የገብረተንሳኤ አንገት ጅማት ተገትሯል፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ አቧራውን ያቦካል።  አፉን ከፍቶ ትንፋሽ ሲስብ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወጥቶ አባቴ ጫማ ላይ ወደቀ። አጥሩ ላይ ያሉት ልጆች በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ ጥርሱን በጫማው ጫፍ ትንሽ ወደዚያ ገፋ አደረገውና ንግግሩን ቀጠለ።

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። መጥታ ጥርሱን ከአቧራው አነሣች፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ በእጇ ያዘችው።

«ከፋለ» አለች።

አልጮኸችም። ከፋለ የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ቀሺ ኣረፋይነ ወደ በሩ ዞሩ። ኣይተ ኣስፋሃም ዞሩ። በሩ ላይ ማንም የለም።

«ከፋለ፣ አንሣለት። ልጅህ እያየችህ ነው።»

 ገብረተንሳኤ ድንጋዩን እንደተሸከመ አንገቱን በግድ አዙሮ ከታች ወደ ላይ አባቴን አየው። አባቴ ግን የሚያየው እኔን ነው። እናቴ ተሳስታለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ተጫውታ መጨረሻ ላይ ተሳስታለች። ሊያድነን የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አባቴም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሮጬ ወደ መሃል ገባሁ።

«እማዬ ተሳስታ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «አጎቴ ነው! አባቴማ ሞቷል!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማንም እንድምል ሳይጠይቀኝ እጄን ወደ ቀሺ ኣረፋይነ መስቀል ዘረጋሁ።

«ማርያምን!» አልኩ።